ፊደሉ የማይነግረን፦ የቦክስ ፊልምና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆቻችን

(በሜሪላንድ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

ደኅና አመሻችሁ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። ከእናንተ ተሰብስበው ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ይዤ ነው የመጣሁት። እንዲህ ይላል፦ «ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ሳውዝፖ የሚባል የቦክስ ፊልም ካላየሁ ብላ ይዛኛለች። አር ነው ይላል። ልፍቀድላት ወይስ ልከልክላት?»

ጠያቂዋ አዳራሹ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስም አልጠራም። መልሱን ግን ቀድሜ ልስጥ። ብቻዋን አትየው። እርስዎ አስቀድመው ካዩት በኋላ አብራችሁ ብታዩት ግን እኔ አልከለክልም፤ አንድ ዓመት ቆይታ 15 ሲሞላት ቢሆን ደግሞ የበለጠ እመርጣለሁ። ይህን የምለው ታዲያ ፊልሙ አር የሚል የዕድሜ ደረጃ ፊደል ስለተሰጠው አይደለም። እነሱ አር ያሉበት ምክንያት ሌላ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ምክንያት ሌላ ነው። ዛሬ የማወራውም ስለዚሁ ነው።

ፊልሙን ላላየ በአጭሩ ልንገር። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሳውዝፖ አንቷን ፉኳ ያዘጋጀው፣ በ2015 የወጣ ፊልም ነው። ጄክ ጂለንሃል ቢሊ ሆፕ የሚባል ቦክሰኛ ሆኖ ይጫወታል። ቢሊ በወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ያደገ፣ ተሸንፎ የማያውቅ ሻምፒዮን ነው። ሚስቱም ከዚያው ማሳደጊያ የወጣች ናት፤ ቤቱን፣ ቀጠሮውን፣ ንዴቱን ሳይቀር የምትይዝለት እሷ ናት። አንድ ቀን በእርዳታ ማሰባሰቢያ ግብዣ ላይ ተቀናቃኙ ይተነኩሰዋል፤ ጠብ ይነሳል፣ ሽጉጥ ይተኮሳል፣ ሚስቱ እጁ ላይ ትሞታለች። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ቁልቁል ነው። ይጠጣል፣ ሽጉጥ ይዞ በቀል ፍለጋ ይወጣል፣ ሪንግ ውስጥ ዳኛውን በግንባሩ መትቶ ይታገዳል፣ ቤቱ ይወሰዳል። ትንሿ ሴት ልጁንም ፍርድ ቤት ይወስድበታል። በመጨረሻ ሰፈር ውስጥ ያለች አንዲት ጂም ደጅ ይጠናል፤ ማታ ማታ ጽዳት እየሠራ ከዜሮ ይጀምራል። የጂሙ ባለቤት ፎረስት ዊትከር ነው፤ ኢዲ አሚንን ሆኖ የተጫወተው ሰውዬ።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። ብዙዎቻችን ይህን ምልክት መንግሥት የሚሰጠው ይመስለናል። መንግሥት የለበትም። በ1968 የፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር ራሱ ያቋቋመው አሠራር ነው። ፊልሞቹን እያዩ ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች ወላጆች ናቸው፤ ቦርዱ ውስጥ ሲገቡ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ሊኖራቸው ይገባል። አር ማለት ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አዋቂ አሳዳጊ ሲኒማ ቤት አይገባም ማለት ነው። በ1984 የመጣው ፒጂ-13 ግን ማንንም አያግድም። ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ የ9 ዓመት ልጅም ትኬት ገዝቶ ይገባል። የአር ክልከላም ቢሆን በር ላይ ትኬት ቆራጭ ሲኖር ነው። ሳሎናችሁ ውስጥ ደግሞ ትኬት ቆራጩ እናንተ ናችሁ፤ የቴሌቪዥኑን የሚስጥር ቁጥር ልጁ ራሱ ካስገባው እሱም የለም።

ከፊደሉ ሥር በደቃቅ ጽሑፍ ምክንያቱ ይጻፋል። ብዙ ሰው አያነበውም፤ እባካችሁ እሱን አንብቡ። የሳውዝፖ ምክንያት ባጭሩ ከዳር እስከ ዳር ስድብ አለበት፣ የተወሰነ ጥቃትም አለበት የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ቀድሞ የመጣው ስድቡ ነው። ደንባቸውም እንዲሁ ነው፤ ሁላችሁም የምታውቁት ያ በኤፍ የሚጀምር ቃል አንዴ ከተነገረ ፊልሙ ቢያንስ ፒጂ-13 ይሆናል፤ ከአንዴ በላይ ከተነገረ፣ ቦርዱ በልዩ ድምፅ ካልተወው በስተቀር፣ አር ይሆናል። ይህ የሚቆጠር ነገር ነው። እናቷ ዓይኗ እያየ ከቤት ወጥታ ሳትመለስ የቀረች ልጅ ኀዘን ግን አይቆጠርም። ልጅቷ አባቷን በጥፊ እየመታች «መሞት የነበረብህ አንተ ነህ» ስትለው የሚሰማው ነገር በየትኛው ፊደል ይለካል?

እዚህ ላይ ስለ እኛም ልናገር፤ ሳቁ ግን አትቀየሙ። በኛ ቤት ፊልም እየታየ ሁለት ሰዎች ከንፈር ለከንፈር ሲቀራረቡ አባት ሪሞት ፍለጋ ሶፋውን ይገለብጣል፤ እናት ድንገት ወጥ ሊያርባት ይሆናል፤ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ። ሰው አናቱን ተመትቶ ደሙ ግድግዳ ላይ ሲረጭ ግን ቡናው እየተጠጣ ይቀጥላል። ስድቡንም ቢሆን እኛ በአማርኛ የምንሰማውን ያህል በእንግሊዝኛ አንሰማውም፤ አጥንታችን ድረስ አይገባም። ብዙዎቻችን ያደግነው የቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው፤ ዕድሜያችንን የጠየቀን አልነበረም፤ ብሩን ይዘን መምጣታችን ብቻ ይበቃ ነበር። ስለዚህ «እኛም አይተን ምን ሆንን?» የሚል መልስ አፋችን ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ምን እንደሆንን ሚስቶቻችን ይጠየቁ።

ፊደሉ ብቻውን እንደማያስኬድ ለማሳየት ሌላ የቦክስ ፊልም ላምጣ። ሚሊየን ዶላር ቤቢ። በ2004 የወጣ፣ ክሊንት ኢስትውድ ያዘጋጀውና የተጫወተበት፣ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር የወሰደ፣ ሂላሪ ስዋንክንም ያሸለመ ነው። እሱ አር አይደለም፤ ፒጂ-13 ነው። ወላጅ ሁለቱን ፊደላት ጎን ለጎን አድርጎ ቢመርጥ ሚሊየን ዶላር ቤቢን ለልጁ ይከፍታል፣ ሳውዝፖን ይዘጋል። ውስጡን እንይ። ቦክሰኛዋ ደወል ከተደወለ በኋላ ከጀርባ ተመትታ ትወድቃለች፤ አንገቷ ይሰበራል፤ ከአንገቷ በታች አካሏ አይታዘዛትም። እግሯ ይቆረጣል። መኖር አልፈልግም ትላለች፣ ራሷን ለመጉዳት ትሞክራለች፣ በመጨረሻ አሰልጣኟ በገዛ እጁ ሕይወቷን ያሳልፋል። ፊልሙ ይህን በፍቅር እንደተደረገ ነገር አድርጎ ነው የሚያሳየው። አሜሪካ ውስጥ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾች በወቅቱ ክፉኛ ተቃውመውታል፤ «እንደኛ ከመኖር ሞት ይሻላል እያላችሁ ነው» የሚል ነበር ክርክራቸው። እውነትም አላቸው ባይ ነኝ፤ ፊልሙ በጥበቡ ታላቅ መሆኑን ሳልክድ።

አሁን አስቡት። ከክፍሏ የማትወጣ፣ ምግብ የተወች፣ «ደክሞኛል» ማለት ያበዛች የ13 ዓመት ልጅ አለች እንበል። ለእሷ አደገኛው የትኛው ነው? ስድብ የሞላበቱ ወይስ ይኼኛው? እኔ ሚሊየን ዶላር ቤቢን ከ16 በታች ላለ ልጅ አልከፍትም። በሐዘን ወይም በድብርት ውስጥ ላለ ልጅ ደግሞ 18 ቢሞላውም ጊዜው አይደለም እላለሁ። ነገሩን ካነሳሁት አይቀር፣ ልጃችሁ ስለመሞት ካወራ፣ በአሜሪካ 988 ደውሉ፤ ቀንም ሌሊትም ይነሳል፣ ልጁ ራሱ በጽሑፍ መልእክት ሊልክበትም ይችላል። «ቅብጠት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ ስልኩም ይደወል።

ሮኪዎቹስ? የመጀመሪያው ሮኪ የ1976 ፊልም ነው፣ ፒጂ ነው፤ ከፒጂ-13 የቀለለው ምልክት ማለት ነው። ለ11 ወይም ለ12 ዓመት ልጅ የቦክስ ፊልም ምረጥልኝ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው፤ ሰውዬው መጨረሻ ላይ በነጥብ መሸነፉን ደግሞ እወድለታለሁ። አራተኛው ግን፣ የ1985ቱ፣ ሌላ ነው። የሮኪ ጓደኛ የሆነው ቦክሰኛ ሪንግ ውስጥ ተደብድቦ ይሞታል፤ ሆኖም ፒጂ-13 ከመጣ በኋላ የወጣ ፊልም ሆኖ ፒጂ ብቻ ነው የተባለው። ሞቱ ደግሞ ፊልሙ ውስጥ የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ነው፤ ለሚቀጥለው ግጥሚያ ነዳጅ ነው። ለቅሶው ሳይበርድ ሙዚቃው ይነሳል፣ ሥልጠናው ይጀመራል። እኔ የምፈራው ደሙን አይደለም፤ ቡጢው ካረፈ በኋላ ምንም የማይሆንበትን ፊልም ነው። ተመቶ፣ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሳምንት ሳይሞላ ድኖ የሚሄድ ጀግና ለ14 ዓመት ወንድ ልጅ የሚያስተምረው ውሸት ነው።

በእውነተኛው ሪንግ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ኅዳር 1982 ላስ ቬጋስ ውስጥ ኪም ዱክ ኩ የሚባል የኮሪያ ቦክሰኛ ከአሜሪካዊው ሬይ ማንቺኒ ጋር ተጋጠመ። እስከ 14ኛው ዙር ቆየ፤ እዚያ ወደቀ፤ ከቀናት በኋላ አንጎሉ ውስጥ በፈሰሰው ደም ሞተ። ግጥሚያው በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ከ15 ዙር ወደ 12 የወረደው፤ ደብሊውቢሲ የሚባለው የዓለም የቦክስ ምክር ቤት ጀመረው፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ልጆቻችሁ ፊልም ላይ የሚያዩትን ያህል ቡጢ ፊቱ ላይ ያረፈበትን ሰው ደኅና ዳኛ በሦስተኛው ዙር ጣልቃ ገብቶ ያስቆመዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከካናዳው ማኅበር ጋር በ2011 ባወጣው አቋም ልጆችና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ቦክስ እንዳይሠሩ መክሯል፤ ምክንያቱም በሌላው ስፖርት ጭንቅላት በአጋጣሚ ይመታል፣ በቦክስ ግን ጭንቅላትን መምታት ራሱ ነጥብ ነው። ልጃችሁ ከፊልሙ በኋላ «ጂም አስመዝግቡኝ» ካለ፣ ይህን በእጃችሁ ይዛችሁ ተነጋገሩ። ጆንያ መምታትና ገመድ መዝለል ማንንም አልጎዳም፤ ፊት ለፊት መደባደቡ ነው ጥያቄው።

በዚህ በኩል ሳውዝፖን አመሰግነዋለሁ። የቢሊ የቦክስ ስልት መመታት ነው፤ እየተመታ ይናደድና ያሸንፋል። ሚስቱ ገና ከመጀመሪያው እንዲህ ከቀጠልክ አንጎልህ ይሄዳል ብላ ታስጠነቅቀዋለች። ዊትከርም ሲያሠለጥነው የሚጀምረው ከመከላከል ነው፤ እጅህን አንሳ፣ አትመታ፣ አስብ ይለዋል። ንዴት ጉልበት ነው ብሎ ለሚያምን ጎረምሳ ከእናትና ከአባት ምክር ይልቅ የዚህ ሽማግሌ ቃል ይገባዋል፤ ጎረምሳ ከእኛ ሌላ ሁሉንም ይሰማል።

አሁን ከባዱ ቦታ ላይ ደርሰናል። በቦክስ ፊልም ውስጥ ከሪንግ ውጭ የሚያርፈው ቡጢ ነው ዋናው። በ1980 የወጣው ሬጂንግ ቡል የቦክስ ትዕይንቱ በጥቁርና ነጭ ነው የተቀረጸው፤ ደሙ እንኳ የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ማንም ልጅ እሱን አይቶ አይባንንም። ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ሲመታ፣ ወንድሙን ልጆቹ ፊት ሲደበድብ ግን ጓንት የለም፣ ደወል የለም፣ ዳኛ የለም። ታላቅ ፊልም ነው፤ 17 እስኪሞላቸው ይቆይ። ሳውዝፖ ውስጥ ደግሞ ጂሙ ውስጥ ቢሊ የሚቀርበው አንድ ልጅ አለ። እናቱን ከአባቱ ሊያስጥል ገብቶ አባቱ ይገድለዋል። ይህ ስክሪን ላይ አይታይም። የምንሰማው በወሬ ነው፣ ሁለት ሦስት አረፍተ ነገር። ደም የለም፣ ስለዚህ በምክንያቱ መስመር ላይ የሚቆጠር ነገር የለም። እናቱ ስትመታ በር ጥግ ቆሞ የሰማ ልጅ ግን ከፊልሙ ሁሉ ይዞ የሚተኛው ያንን ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በመካከላችን የለም አትበሉኝ። የምሠራው ትምህርት ቤት ነው፤ ልጆች ለእናንተ የማይነግሩትን ለእኛ ይነግሩናል።

ስለዚህ «ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ለየትኛው ልጅ?» የሚለው ይቀድማል። እናቱን ወይም አባቱን በቅርብ ያጣ ልጅ የቢሊን ሚስት ሞት ሊቋቋመው አይችልም፤ 17 ቢሆንም አይችልም። ቤቱ ውስጥ መጠጥ ያለበት ልጅ፣ ቢሊ ሰክሮ መኪናውን ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ጋር ሲያላትም፣ ፊልም አይደለም የሚያየው። ወላጆቹ የተለያዩበት፣ አባቱ አገር ቤት የቀረበትም አለ። በአንጻሩ ሕይወቱ ጸጥ ያለ፣ የሚያየውን የሚያወራ የ14 ዓመት ልጅ ከብዙ የ16 ዓመት ልጆች በተሻለ ይሸከመዋል። ልጁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ሎስ አንጀለስ ያለው ቦርድ አያውቀውም።

ስለ ፍርድ ቤቱ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ለኛ ሰው ይህ ፊልም ሌላ ትርጉም አለው። አሜሪካ ከመጣን ጀምሮ አንድ ፍርሃት አለብን፦ «ልጅ ከተቆጣህ ፖሊስ መጥቶ ይወስድብሃል።» ልጆቻችንም ይህን ፍርሃት ያውቁታል፤ አንዳንዶቹ ሲናደዱ ያስፈራሩናል፤ ሐሰት ነው? (ሳቅ።) ሳውዝፖ አንዲት ልጅ ከአባቷ ስትለይ ያሳያል። እሷ በማሳደጊያ ተቋሙ በኩል ቆማ፣ እሱ እንደ እንግዳ በቀጠሮ እየመጣ። ጠይቁ፦ ለምን ወሰዷት? ድሃ ስለሆነ አይደለም፤ ሲወስዷት ገና ትልቁ ቤቱ ውስጥ ነው ያለው። ስለማይወዳትም አይደለም፤ ከሕይወቱ አስበልጦ ይወዳታል። የወሰዷት ሰክሮ፣ ሽጉጥ ይዞ፣ ራሱን ለመጉዳት በሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ስለነበረ ነው። የተመለሰችለትም ስለጮኸ ወይም ጠበቃ ስለገዛ ሳይሆን፣ ሥራ ይዞ፣ መጠጡን ትቶ፣ በቀጠሮው ቀን በሰዓቱ መገኘት ስለጀመረ ነው። ይህን ከልጃችሁ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ብታወሩት፣ ያ የማስፈራራቱ ነገር በሁለታችሁም በኩል የሚበርድ ይመስለኛል። ልጁ ሕጉ ለምን እንደቆመ ያያል። አባትም የሚያየው ነገር ይኖረዋል፤ የቢሊ ልጅ አባቷን የቀጣችው በዝምታ ነበር፣ ዝምታውን የሰበረው ደግሞ እሱ ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምር ነው። እኛ አባቶች ልጅን ይቅርታ መጠየቅ አልተማርንም። እሺ፣ ይህን እተወዋለሁ፤ የሌላ ቀን ርዕስ ነው።

እንዴት ይታይ? ቀድማችሁ እዩት ስል ጊዜ እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ለልጁ ብሎ የቦክስ ፊልም ብቻውን ሊያይ አይችልም ትሉኛላችሁ። ቢያንስ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት እዩ፤ ከባዱ ክፍል፣ ጥይቱም፣ ውድቀቱም፣ መለያየቱም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ፊልሙ እየሄደ ስብከት አትጀምሩ። ልጁ ካፈረ ወይም ዓይኑን ካዞረ አስቁሙትና ውኃ ቅዱ። ጥያቄው ሲያልቅ ይምጣ፤ ያውም አንድ ብቻ። «ሚስቱ ባትሞት ኖሮ ሰውዬው ይለወጥ ነበር?» ብትሉ ይበቃል። መልሱን እናንተም አታውቁትም፤ ክርክሩ ነው የሚጠቅመው።

አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተዋል። ... «ጓደኞቿ ሁሉ አይተውታል፤ እሷ ብቻ ናት የቀረች ትለኛለች» ይላሉ። እናቴ፣ «ሁሉም» ያለችው ሦስት ልጆች ናቸው፤ ጠይቋት፣ ስም ስትጠሩ ሁለት ይሆናሉ። ያም ሆኖ የተናገረችውን አትናቁት። ከከለከሏት በጓደኛዋ ስልክ፣ በተቆራረጡ ቪዲዮዎች ታየዋለች፤ ቡጢው ብቻ ተመርጦ የሚለጠፍበት ቦታ ሞልቷል፣ ፍርድ ቤቱንና ይቅርታውን ግን ማንም ቆርጦ አይለጥፈውም። እኔ «አይሆንም» ከማለት «በዚህ ቀን፣ ከእኔ ጋር» ማለትን የምመርጠው ለዚህ ነው።

እዚያ ኋላ ያሉት ወንድሜም ጥያቄ አላቸው። የ15 ዓመት ወንድ ልጅና የ9 ዓመት ታናሽ እህት አሉኝ፣ ሳሎናችን አንድ ነው፣ እንዴት ላድርግ ነው የሚሉት። ለትንሿ በምንም መንገድ አይሆንም። እናት ስትሞት፣ ከዚያ ያቺ ልጅ ከአባቷ ስትወሰድ ማየት፣ ያውም ልጅቷ በዕድሜ እኩያዋ ሆና፣ ሌሊቱን ሙሉ አልጋችሁ ላይ ያመጣታል። እሷ ከተኛች በኋላ ጀምሩ። ለትልቁ «አንተ ስላደግህ ነው» በሉት፤ ደስ ይለዋል፣ ትንሽም ኃላፊነት ይሰማዋል። ፊልሙ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ስለሆነ እሑድ ማታ አይሁን፣ ሰኞ ትምህርት አለ። ዓርብ ማታ ይሻላል፤ ከፊልሙ በኋላ ለማውራት ጊዜ ይኖራችኋል።